ሁለት መጽሐፍ ለአንድ አገር

ስለ ጉራጌው ቸሃ ከተጻፉት መጻሕፍት መካከል ሁለቱ የአንድ ዘመን ሥራዎች ናቸው። የመጀመሪያው የሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም «የሽነጋ መንደር» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1964 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ታተመ። ሁለተኛው የዊሊያም ሻክ «ጉራጌ፦ የእንሰት ባህል ሕዝብ» ነው፤ እሱም ከሁለት ዓመት በኋላ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ወጣ። አንዱ ልቦለድ ነው፤ ሌላው የማኅበረሰብ ጥናት። ልቦለዱን የጻፈው ጉራጌ አገር ተወልዶ እምድብር በካቶሊክ ሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማረ ሰው ነው። ጥናቱን የጻፈው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ከቸሃ ሰዎች ጋር ተቀምጦ ኑሯቸውን ያጠና ጥቁር አሜሪካዊ ምሁር ነው። ከወልቂጤ ተነስቶ ወደ እምድብር ለሚጓዝ ሰው ሁለቱም የሚያወሩት በመኪናው መስኮት ስለሚያየው አገር ነው። ያው እንሰት፣ ያው ጀፎሮ፣ ያው ጎጆ ቤት። የሚነግሩት ነገር ግን አንድ አይደለም።

እዚህ ወልቂጤ ስለ መጽሐፍ ጨዋታ ሲነሳ ሰው ቶሎ በሁለት ጎራ ይከፈላል። አንዱ «ልቦለድ የፈጠራ ወሬ ነው፤ ማንበብ ካለብኝ እውነቱን ታሪክ ስጡኝ» ይላል። ሌላው ደግሞ ታሪክና ጥናት ገና ሁለት ገጽ ሳይገፋ እንቅልፍ እንደሚጥለው ይናገራል። በመምህራን መካከል እንኳ ይህ ክርክር አይጠፋም። እኔ ሁለቱም ጎራዎች የአገራቸውን ግማሽ ያጣሉ ባይ ነኝ። ይህ ጽሑፍ ገና ማንበብ ለሚጀምር ወይም አቋርጦ ለተመለሰ ሰው የታሰበ ነው። የያዘውም ምክር አንድ ብቻ ነው፦ ልቦለድንና ኢ-ልቦለድን ጎን ለጎን አንብቡ፤ አንዱ ሌላውን ያርመዋል።

በመጀመሪያ እያንዳንዱ ለአንባቢው የሚገባውን ቃል እንለይ። የኢ-ልቦለድ ጸሐፊ «የምነግርህ ነገር ሆኗል፤ ከፈለግህ ሄደህ አጣራ» ይላል። ስለዚህ ልንጠይቀው የሚገባን፣ ይህን ከየት አገኘኸው? ማን ነገረህ? ስንት ጊዜ ተቀመጥህ? ያላየኸው ምንድን ነው? ብለን ነው። የልቦለድ ጸሐፊ «ይህ ሰው በዓለም ላይ አልነበረም፤ ቢኖር ግን እንዲህ ይሆን ነበር» ይላል። እሱን ደግሞ በምርመራ አንይዘውም። ይህን ሰው አምነዋለሁ ወይ? የሚናገረው እንደ ሰው ነው ወይስ ደራሲው አፉ ላይ ያስቀመጠለትን? የሚል ነው ጥያቄው። ብዙ ጠብ የሚነሳው የአንዱን ጥያቄ ለሌላው ስናቀርብ ነው። ልቦለድን «ይህ ቀን ትክክል አይደለም» ብሎ መጣል፣ የታሪክ መጽሐፍን ደግሞ «አላስለቀሰኝም» ብሎ መተው ከዚህ ይመጣል።

አሁን ወደ ሻክ እንመለስ። የመጽሐፉ ዋና ሐሳብ የቸሃን ኑሮ ሁሉ፣ አሰፋፈሩን፣ ዝምድናውን፣ እምነቱንና ሥልጣኑን ከእንሰት ጋር አያይዞ ማሳየት ነው። ይህን በደንብ አድርጎታል። እንሰትን ከልጅነታችን ጀምሮ እያየነው ስላደግን አናየውም፤ ሻክ ግን እንግዳ ስለነበረ አንድ በአንድ አይቶታል። አንድ እንሰት ለመድረስ እንደ ቦታው ከፍታ ከ4 እስከ 7 ዓመት ይፈልጋል። ሲቆረጥ ወንዱ ይቆርጣል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የሴቶች ነው። ሴቷ የግንዱን ንጣፍ በዘንባላ ጣውላ ላይ ታስደግፋለች፤ በተሰነጠቀ ቀርከሃ ከላይ ወደ ታች ትፍቀዋለች። ለስላሳው ክፍል ይወርዳል፤ ቃጫው በእጇ ይቀራል። ሥሩ ለብቻው ይከተከታል። የሚወርደው ፈሳሽ ሲጠል ቡላ ይሆናል፤ ሌላው ክፍል በእንሰት ቅጠል በተለበጠ ጉድጓድ ውስጥ ይቀበርና ሳምንታት፣ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ቆይቶ ቆጮ ይሆናል። ይህን ሥራ በቅርብ ያየ ሰው፣ ሻክ ለምን መጽሐፉን በእንሰት ስም እንደጠራው ይገባዋል። ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ምግብ ብቻ አይደለም፤ የቤተሰቡ የወደፊት ጊዜ ነው።

ነገር ግን ሻክን ሁሉን እንደሚያውቅ ሰው አድርጎ መቀበል ስሕተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው ሌላ ጥናት፣ ጉራጌ ምግብ ሞልቶት ሳለ ቆጥቦ የሚበላና ስለ ረሃብ የሚጨነቅ ሕዝብ መሆኑን ጽፎ፣ አንዳንድ ወንዶችን የሚይዘውን መንፈስ ከዚህ ጭንቀት ጋር አገናኝቶታል። ጥናቱ በሥነ ሰብእ ተማሪዎች ዘንድ የታወቀ ነው። እኔ ግን አላሳመነኝም። በእንግዳ ፊት እጅን ቶሎ መሰብሰብ ጨዋነት ነው። ለዓመታት የሚቀመጥ ቆጮ መቅበርም ዝናብ ሊያጥር እንደሚችል የሚያውቅ ሰው ጥበብ ነው። ከውጭ የመጣ ተመራማሪ ምግቡን የሚመልሰውን እጅ ያያል፤ እጁ ለምን እንደመለሰው ግን ከራሱ ትምህርት ተበድሮ ያስረዳል። ያየውንና የተረጎመውን ለይቶ ማንበብ የአንባቢው ሥራ ነው። ያየውን እወስዳለሁ፤ ትርጉሙን ግን እመዝነዋለሁ። ይህ ሻክን ማሳነስ አይደለም። እሱ ባይጽፍ ኖሮ የምንመዝነውም ነገር አይኖርም ነበር።

«የሽነጋ መንደር» የተወለደበት መንገድ ራሱ ሊታወቅ ይገባዋል። ሣህለ ሥላሴ በሎስ አንጀለስ ተማሪ ሳለ መጽሐፉን በቅድሚያ የጻፈው በቸሃ ቋንቋ ነው፤ ወደ እንግሊዝኛ የመለሰው የሴም ቋንቋዎች ሊቅ ቮልፍ ሌስላው ነው። በዚያ ዘመን በቸሃ የተጻፈ ልቦለድ አልነበረም። ሌስላው ፖላንድ ተወልዶ አሜሪካ የኖረ ሰው ነው፤ ዕድሜውን በሙሉ የኢትዮጵያን ቋንቋዎች ሲያጠና ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2006 በ100 ዓመቱ ዐረፈ። እ.ኤ.አ. በ1979 ያሳተመው ሦስት ቅጽ ያለው የጉራጌ ቋንቋዎች መዝገበ ቃላት ኢ-ልቦለድ ከሚባሉት ሁሉ የማከብረው ነው። መዝገበ ቃላት ይነበባል ወይ? ለሚሉኝ፣ አዎ፣ ይነበባል። የአንድን የእርሻ ዕቃ ስም በቸሃ፣ በእኖር፣ በክስታኔና በሙኽር ጎን ለጎን ሲያዩት ሕዝብ እንዴት እንደተለያየና እንደተዋሰ ያለ ማብራሪያ ይገባል።

ልቦለዱን ግን እንደ ልቦለድ ስመዝነው፣ ሙሉ በሙሉ የተሳካ ሥራ ነው አልልም። ንዑስ ርእሱ ራሱ የኢትዮጵያ ሕይወት ትዕይንቶች ይለዋል፤ በእርግጥም የትዕይንቶች ስብስብ ነው። አንዱ ትዕይንት ሌላውን ጎትቶ አያመጣውም። ታሪኩ ወደ ፊት የሚገፋበት ውጥረት ቀጭን ነው። ይሁን እንጂ ሻክ ሊሰጠን የማይችለውን አንድ ነገር ይሰጣል፤ አንድ ልጅ በዚያ መንደር ውስጥ ሲያድግ ዓለም ከታች ወደ ላይ ስትታይ ምን እንደምትመስል። ጥናት ስለ ልጆች አስተዳደግ ምዕራፍ ይኖረዋል፤ ልጁ ግን የለውም።

ሣህለ ሥላሴ የበሰለው እ.ኤ.አ. በ1969 በሃይነማን የአፍሪካ ደራስያን ተከታታይ ባሳተመው «አፈርሳታ» ነው። እንግሊዝኛ የሚያነብ የወልቂጤ ወጣት ከየትኛው መጽሐፍ ይጀምር ብባል እሱን እመርጣለሁ። ነገሩ ቀላል ነው፤ የአንድ ገበሬ ጎጆ ይቃጠላል። አቃጣዩ አልታወቀም። ሕዝቡ እንደ ልማዱ አፈርሳታ ይቀመጣል፤ ሁሉም ተጠርቶ፣ ሁሉም እየማለ፣ ያየና የሰማ እንዲናገር ይጠየቃል። ደራሲው ግን የወንጀል ታሪክ አልጻፈም። ዓይኑን የጣለው በተቀመጡት ሰዎች ላይ ነው፤ ማን ዝም አለ፣ ማን ብዙ ተናገረ፣ ማን የጎረቤቱን ፊት ይጠብቃል። አጭር ነው፤ በሁለት ምሽት ያልቃል። ቋንቋው ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ አይከብድም።

ይህን ልቦለድ ስታነቡ አጠገቡ «ቅጫ»ን አስቀምጡ። በጉራጌ ሕዝብ ራስ አገዝ የልማት ድርጅት አማካይነት የታተመ የባህላዊ ሕግ መጽሐፍ ነው። የሰባት ቤት ጉራጌ ሕግ በየጆካ ሸንጎ እንዴት እንደሚነገር፣ ለነፍስ ግድያ፣ ለመሬት፣ ለጋብቻ ምን ካሳ እንደሚወሰን ይዟል። ሕጉን ከመጽሐፉ ትማራላችሁ። ሕጉ ፊት የቆመ ሰው ጉሮሮው ሲደርቅ ግን የምታገኙት «አፈርሳታ» ውስጥ ነው። እኔ ሁለቱን በተከታታይ ካነበብኩ በኋላ የሽማግሌ ሸንጎ ባየሁ ቁጥር የማየው ነገር ተለውጧል። ድሮ ፍርዱን ብቻ እጠብቅ ነበር። አሁን ከፍርዱ በፊት ያለውን ዝምታም አዳምጣለሁ።

ሰነድ የሌለበት ቦታ ላይ ልቦለድ ምን ያደርጋል? ለዚህ የቃቄ ውርድወት ታሪክ ጥሩ ምሳሌ ነው። ውርድወት በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኖረች፣ የወንዶች በነበረው ሸንጎ ፊት የሴቶችን የጋብቻ መብት ጥያቄ ያነሳች ሴት ናት። በዚያን ጊዜ ሴት ያለ ባሏ ፈቃድ ትዳሯን ጥላ ብትወጣ ሌላ እንዳታገባ በሥርዓት ትታሰር ነበር፤ ውርድወት ይህንን ነው የተቃወመችው። ታሪኳ ለረጅም ጊዜ የኖረው በአፍ ነው። እንዳለጌታ ከበደ በ«እምቢታ» ልቦለድ አድርጎ ጽፎታል፤ በመድረክም ሙዚቃዊ ተውኔት ሆኖ ቀርቧል።

እዚህ ላይ አንባቢ መጠንቀቅ አለበት። የአፍ ታሪክ በየቤቱ ይለያያል፤ ደራሲ ደግሞ ክፍተቱን በራሱ ምናብ ይሞላል። ልቦለዱን ያነበበች ተማሪ ውርድወት በሸንጎው ፊት የተናገረችውን ቃል በቃል የምታውቅ ሊመስላት ይችላል፤ ያ ቃል ግን የደራሲው ነው። ስለዚህ ልቦለዱን አትተዉ፤ ካነበባችሁ በኋላ ወደ አያቶቻችሁ ሂዱና «እናንተ እንዴት ሰማችሁት?» ብላችሁ ጠይቁ፤ የሚሉትንም በደብተር ጻፉ። ኢ-ልቦለድ የሚጀምረው እንዲህ ነው። ወርቁ ንዳ ስለ ጉራጌ ባህልና ታሪክ «ጀብዱ»ን ሲጽፍም፣ ባሕሩ ዘውዴ እ.ኤ.አ. በ1972 ስለ አይመለል ጉራጌ የ19ኛው ክፍለ ዘመን የፖለቲካ ታሪክ ጥናት ሲያሳትምም፣ ሽማግሌዎች የሚያስታውሱት ነገር ሳይጠፋ ተሰብስቦ መጻፍ ነበረበት። ዛሬ ያን የሚነግሩን አያቶች እያለፉ ነው። ይህ የሚያንገበግበኝ ጉዳይ ነው።

በአፍ የሚነገር ነገር ወደ ጥናት ሲያድግ ለማየት ስለ መንገድም አንድ ነገር ልበል። የጉራጌ ሰው በራሱ መዋጮ መንገድ ማሠራቱ በየቤቱ የሚነገር ኩራት ነው። ፈቃዱ ገዳሙ እ.ኤ.አ. በ1972 ለለንደን ዩኒቨርሲቲ ያቀረበው የዶክትሬት ጥናት ከዓለም ገና ወደ ወላይታ የሚወስደውን መንገድ ያሠራውን ማኅበር መነሻ አድርጎ ከተሜው ከገጠር ዘመዱ ጋር እንዴት እንደተሳሰረ ያሳያል። ኩራቱን ከወሬ ወደ ዕውቀት የሚያሳድግ ሥራ ነው።

ከአካባቢያችን ወጣ እንበል። የሁለቱ ዓይነት መጻሕፍት ወሰን ምን ያህል አሳሳች እንደሆነ የሚያሳዩኝ ሁለት ሥራዎች ስለ ኢትዮጵያ የተጻፉ ናቸው። የፖላንዱ ጋዜጠኛ ሪሻርድ ካፑሽቺንስኪ እ.ኤ.አ. በ1978 ስለ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት «ንጉሠ ነገሥቱ» የተባለውን መጽሐፍ አወጣ። ዓለም የተቀበለው እንደ ዘገባ ነው። ሽፋኑ ኢ-ልቦለድ ነው፤ ተናጋሪዎቹ ግን ስማቸው በፊደል ብቻ የተጠቀሰ የቤተ መንግሥት ሰዎች ናቸው፤ ሊጣሩ አይችሉም። ንጉሡ አያነቡም ነበር ይላል። ንጉሡ ግን ፈረንሳይኛን በልጅነታቸው የተማሩ፣ «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» የተባለውን የሕይወት ታሪካቸውን ያሳተሙ ሰው ናቸው። የኢትዮጵያ ታሪክ ተመራማሪው ሃሮልድ ማርከስ መጽሐፉን በአደባባይ ተችቶታል። ብዙ የፖላንድ አንባቢዎች ደግሞ መጽሐፉን ያነበቡት በራሳቸው አገር ስለነበረው አገዛዝ እንደተነገረ ምሳሌ አድርገው ነው። እኔም የማነበው እንዲሁ ነው። ሥልጣን በአጠገቡ ያለውን ሰው እንዴት እንደሚያጎብጠው ለማየት ድንቅ መጽሐፍ ነው። ስለ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ማስረጃ ብሎ የሚጠቅሰው ተማሪ ግን ይሳሳታል። በእኔ መደርደሪያ ላይ ቦታው ከልቦለዶች ጋር ነው።

በተቃራኒው በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ን ልቦለድ ብሎ በ1975 አሳተመ። ጸጋዬ ኃይለ ማርያም የተባለው ጋዜጠኛ ለቀይ ኮከብ ዘመቻ ወደ አስመራ ይሄዳል፤ እዚያ ከፊያሜታ ጋር ይገናኛል። ጸጋዬም ፊያሜታም የደራሲው ፍጥረቶች ናቸው። ዘመቻው ግን እውነት ነው፤ ደራሲውም በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ሹም ሆኖ በቅርብ ያየው ነገር ነው። ባለሥልጣኖቹ ራሳቸውን በገጾቹ ውስጥ አገኙት። መጽሐፉ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ፤ በዓሉ ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። ፈጠራ ነው የተባለ መጽሐፍ በእውነተኛነቱ ምክንያት ደራሲውን አስጠፋው። እነዚህን ሁለት መጻሕፍት አከታትሎ ያነበበ ሰው ከእንግዲህ በሽፋን ላይ ያለን ስያሜ ብቻ አይቶ አያምንም። ከ«ኦሮማይ» በኋላ እንዳለጌታ ከበደ የጻፈውን «በዓሉ ግርማ፦ ሕይወቱና ሥራዎቹ» አንብቡ። ደራሲው ከየት እንደመጣ፣ ምን እንዳየና መጽሐፉ እንዴት እንደታፈነ ስታውቁ ልቦለዱን ተመልሳችሁ ለማንበብ ትገደዳላችሁ። ሁለተኛው ንባብ ከመጀመሪያው ይበልጣል።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። እንግሊዛዊው ዳንኤል ዴፎ እ.ኤ.አ. በ1722 ስለ 1665ቱ የለንደን ወረርሽኝ የዓይን ምስክር የጻፈው የሚመስል መጽሐፍ አሳተመ። ወረርሽኙ ሲገባ ዴፎ ገና የአምስት ዓመት ገደማ ልጅ ነበር።

አንድ እጅ ሁለቱንም ሲጽፍ ማየት ደግሞ ሌላ ትምህርት ነው። ሐዲስ ዓለማየሁን ሁላችንም የምናውቃቸው በ1958 በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ስለተረከው ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን ያውቃል። ሐዲስ ግን በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከራስ እምሩ ሠራዊት ጋር የዘመቱ፣ ተማርከውም በጣሊያን አገር የታሰሩ ሰው ናቸው፤ ያንን «ትዝታ» በተባለው መጽሐፋቸው ጽፈውታል። ሁለቱን ሳነጻጽር የሚደንቀኝ የብዕራቸው ልዩነት ነው። በልቦለዱ ገጸ ባሕርያቱን ከነስሜታቸው ገልጠው ያሳያሉ፤ ጉዱ ካሳን በመሰለ ሰው አፍ ሥርዓቱን ሁሉ ይሞግታሉ። በ«ትዝታ» ግን ይጠነቀቃሉ። ያዩትን ይጽፋሉ፤ ያላዩትን አይሞሉም። አንድ ጸሐፊ ስለ ፈጠረው ሰው ነፃነት እንዳለው፣ ስለ እውነተኛ ሰው ግን ኃላፊነት እንዳለበት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። «ፍቅር እስከ መቃብር» አንዳንድ ቦታ ይረዝማል፤ የምክር ንግግሮቹ ያሰለቻሉ የሚሉ አሉ፤ ልክ ናቸው። ግን ካለቀ በኋላ ከአእምሮ የማይወጣ ሰው የፈጠረ መጽሐፍ ርዝመቱ ይቅር ሊባልለት ይገባል።

ስለ 1960ዎቹ ትውልድ የሚነበበው በአብዛኛው ኢ-ልቦለድ ነው፤ ይህም ራሱ ሁለት ዓይነት ነው። ክፍሉ ታደሰ በ«ያ ትውልድ» የድርጅቱን የኢሕአፓን ታሪክ በሰነድና በውሳኔ ይከተላል። ሕይወት ተፈራ በ«ማማ በሰማይ» ደግሞ የአንዲት ወጣት ልብ ከድርጅት ጋር እንዴት እንደታሰረ ትነግረናለች። አንደኛው የስብሰባውን አጀንዳ፣ ሁለተኛዋ ከስብሰባው በኋላ ያለውን ሌሊት። ጀማሪ ከሆናችሁ የሕይወት ተፈራን አስቀድሙ እላለሁ፤ የሰዎቹ ነገር ከገባችሁ በኋላ የክፍሉ ዝርዝር አይከብዳችሁም።

ቡታጅራን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። በዓለም የሕዝብ ጤና ጥናቶች ውስጥ ስሟ ተደጋግሞ የሚነሳው ከ1979 ጀምሮ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመሠረተው የቡታጅራ ገጠር ጤና ፕሮግራም ነው። በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን ለቅቆ ሄደ የሚለው ቤት ለቤት ሲመዘገብ ኖሯል። ከዚያ መዝገብ ስለ ሕፃናት ሞት፣ ስለ ወሊድና ስለ አእምሮ ጤና ብዙ ጥናቶች ወጥተዋል። ይህ ከሁሉ የደረቀው ኢ-ልቦለድ ነው፤ ሠንጠረዥና ቁጥር። ግን ስንት ሕይወት አድኗል! አንድ መስመር የአንድ ሕፃን ሞት ነው። ያንን መስመር ወደ ቤት፣ ወደ እናት፣ ወደ ባዶ መደብ የሚመልስ ልቦለድ ከቡታጅራ ልጆች አንዱ ቢጽፍ ምንኛ በወደድኩ።

አሁን እንዴት ልጀምር ለሚል ሰው። ብዙ አትግዙ፤ ሁለት ብቻ፣ አንድ ልቦለድና አንድ ኢ-ልቦለድ፣ ስለ ተቀራራቢ ነገር። ልቦለዱን አስቀድሙ። ስሜቱ ገና ትኩስ ሳለ ኢ-ልቦለዱን ክፈቱ፤ ጥያቄ ይዛችሁ ስለምትገቡ አይሰለቻችሁም። እርሳስ ያዙ። በኢ-ልቦለዱ ጠርዝ ላይ «ማን ነገረው?» ብላችሁ ጻፉ፤ በልቦለዱ ጠርዝ ላይ «አመንኩት» ወይም «አላመንኩትም»። የጀመራችሁትን ሁሉ መጨረስ ግዴታ አይደለም፤ ነገር ግን አንድን መጽሐፍ ከመተዋችሁ በፊት ለምን እንደተዋችሁት በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ያ ዓረፍተ ነገር የራሳችሁ አስተያየት መጀመሪያ ነው። የሌላ ሰው አስተያየት፣ ይህ የኔም ጭምር፣ መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም።

የመጽሐፍ ዋጋ እንደከበደ አውቃለሁ። ተማሪ በጉብሬ የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት አለው። አዲስ አበባ የሚመላለስ ሰው ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ሄዶ ሻክንም ሌስላውንም መጠየቅ ይችላል፤ ወመዘክርም አለ። ለሌላው ደግሞ ያለንን እንጠቀምበት። ጉራጌ ዕቁብ ያውቃል። ዐሥር ሰው ሆናችሁ በየወሩ ትንሽ ትንሽ አዋጡ፤ ዕጣ የደረሰው ሰው በገንዘቡ ልቦለድና ኢ-ልቦለድ ጥንድ ይግዛ፤ አንብቦ ለቀጣዩ ያስተላልፍ፤ በወሩ መጨረሻ ተገናኝታችሁ ተከራከሩበት። ዓመት ሳይሞላ ዐሥር ጥንድ መጽሐፍ ይገዛል፤ ውሎ አድሮም በዐሥሩ ቤት ያልፋል።

ለመስቀል ከአዲስ አበባ፣ ከሐዋሳ፣ ከጅማ ወደ አገር ቤት የምትገቡ፣ ለአረፋም እንዲሁ፣ ለእናት ቀሚስ፣ ለአባት ጋቢ ይዛችሁ እንደምትገቡ አውቃለሁ። በዚህ ዓመት ፊደል ለቆጠራችሁበት ትምህርት ቤት ሁለት መጽሐፍ ጨምሩበት፤ አንድ ልቦለድ፣ አንድ ኢ-ልቦለድ። ለርእሰ መምህሩ አስረክቡ፤ በመጀመሪያው ባዶ ገጽ ላይም ስማችሁንና ለምን እንደመረጣችሁት ጻፉ።